መርዶ በሽቦ አይሄድም ያልከኝ

ሙልዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ልጽፍልህ ሳስብ እተወው ነበር። አንተን ሆኜ ለሌላ ሰው ስጽፍ ስለከረምኩ፣ ላንተ ለራስህ የሚተርፍ ቃል ያለኝ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ግን አርብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቀርቻለሁ። ስልኩ አጠገቤ ነው። ንጹሑን ሳህን መልሼ አጠብኩት፣ ምንጣፉን ጠረግኩት፣ ከዚያ በኋላ እጄን የማደርግበት አጣሁ። ስለዚህ ካንተ ጋር ልቀመጥ።

እናትህ አሁንም መሞትህን አልሰሙም። ዛሬ ማታ፣ እዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ይነገራቸዋል። አንዱ የምፈራው እሱን ነው። ከእሱ በላይ የምፈራው ደግሞ ከሚነግሯቸው ሰዎች በፊት ሌላ ሰው እንዳይቀድም ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ላንተ ስነግርህ ለእኔም ይጠራልኝ ይሆናል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም፣ ሁሌም እሱን ነበር የምትጠይቀኝ። እዚህ ዳላስ ጥግ፣ አዲሰን ያለውን ቤታችንን አልለቀቅኩም። ግራ በኩል ያለውን ጎረቤታችንን ግን ባንክ ቤቱን ወሰደበት፤ ሰውየው ሶፋውን መንገድ ዳር ጥሎ ነው የሄደው። ልጃችን ቤተል ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ቀጥላለች፣ የምታጠናውን ግን ቀይራለች፤ ኮምፒውተር ትታ ነርሲንግ ገብታለች። ትቆጣት ነበር ወይስ ትስቅ ነበር እያልን ተከራክረናል። እንዳይጣል ስትለምነኝ የነበረው ግራጫው ሞደምህ አልተጣለም፣ መጽሐፎቿን ደግፎ ቆሟል። ድሮ ኩሽናው ግድግዳ ላይ የነበረውን የኢሜል ማሽኖች ካርታህን ደግሞ ዛሬ ከጋራዥ አውጥቼ ፊቴ ዘርግቼዋለሁ። እርሳሱ ደብዝዟል፣ መንገዶቹ ግን አሁንም ይታያሉ።

አንተን የቀበርን ሰሞን እማማ በልባቸው ምክንያት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የእህትህ ልጅ ሰብለ ደውላ፣ ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆንላቸውም ብሏል፣ ትንሽ ይጠንክሩ አለችኝ። እሺ አልኩ። ሲወጡ ፋሲካ ደረሰ፣ በዓል ላይ መርዶ እንዴት ይነገራል ተባለ። ከዚያ ክረምት ሆነ፣ ክረምቱን ሙሉ ጉንፋን አልለቀቃቸውም። ነገ ዛሬ እያልን እዚህ ደረስን። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አልቸኮልኩም። እሳቸው ቤት አንተ አልሞትክም ነበር። እንደዚያ ያለ ቤት አንድ እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ፣ እሱንም በገዛ እጄ መዝጋት አቃተኝ።

ጉሮሮህ ታሞ ድምፅህ ከጠፋ በኋላ መደወል ትተህ ኢሜል ብቻ ነበር የምትጽፍላቸው። ሰብለ ቢሮዋ ፕሪንት ታደርገዋለች፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ታነብላቸዋለች። ያ እሁድ እንዳይቋረጥ እኔ ቀጠልኩ፤ ባንተ አድራሻ፣ ባንተ ስም። መጀመሪያ ላይ የቸገረኝ ምን መሰለህ? አንተ እናትህን አንቺ ነው የምትላቸው፤ እኔ ደግሞ በትዳር ዘመኔ ሁሉ አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም። እንዴት ሰነበትሽ እማዬ ብዬ ስጽፍ የተሳደብኩ እየመሰለኝ ዞር ዞር ብዬ አይ ነበር። እያደር ለመድኩት። የሚጻፍ ሲያልቅብኝ ግን የራሴን ጥያቄ ማስገባት ጀመርኩ። በሩ አጠገብ ያለችው የሎሚ ዛፍ እንዴት ናት፣ ዘንድሮስ አፈራች ወይ እላለሁ። አንድ ቀን ቤተል ከኋላዬ ቆማ አነበበችና፣ ማሚ፣ ዳዲ ኮ ስለ ዛፍ ጠይቆ አያውቅም፣ ዲሊት አድርጊው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አንተ ሎሚን ከብርቱካን የምትለይ ሰው አልነበርክም። ዲሊት አላደረግኩትም። እማማም በሰብለ እጅ እየመለሱ ስለ ሎሚዋ ያጫውቱኝ ነበር፤ ቅጠሏን ትል እንደበላው፣ አመድ እንደነሰነሱባት፣ አበባ አውጥታ እንዳረገፈች። እኔም ሰኞ ሥራ ስገባ እሱን እያሰብኩ ነበር የምገባው።

እንዲህ እያልን ሳለ ባለፈው ማክሰኞ የጋሽ ተፈራ ኢሜል መጣ። ጋሽ ተፈራ አሁንም የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፣ አሁንም ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። አንተ ራስህ ባቋቋምከው የእድሩ የኢሜል ዝርዝር ላይ የሙት ዓመትህን ማስታወቂያ ላኩ፤ ቀኑን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ መኖሩን። ቆንጆ አድርገው ነው የጻፉት፣ ወንድማችን ሙሉጌታ ብለው። ከታች ደግሞ፣ ላልሰማ አሰሙ።

ደጋግሜ አነበብኩት። እማማ አለመስማታቸውን ጋሽ ተፈራ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሲመከር አብረውን ነበሩ። ስደውልላቸው ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ምን እንደምል አልገባቸውም። ሲገባቸው፣ እጄ ለምዶ ነው እኮ እቴ፣ የሞት ማስታወቂያ መጨረሻው እሱ አይደል እንዴ አሉኝ። ነው፤ እኔም ብጽፈው እጄ እንደዚያው ብሎ ይዘጋው ነበር። መኪናቸውን ከሰልፍ አውጥተው ዳር ይዘው አለቀሱ፣ እኔው ራሴ አጽናንቻቸው ስልኩን ዘጋሁ። ሰዉ ደግሞ እንደዚህ ሲሉት ታዛዥ ነው። ላልሰማ አሰሙ ከተባለ ያሰማል።

ይሄኔ ነው ናፍቆትህ አንጀቴን የበላው። አንተ ብትኖር ትይዘው ነበር።

ቤተል ኢሜል ድሮ በሰው እጅ ነበር የሚሄደው ስላት ትስቅብኛለች። ለእሷ ኢሜል ማለት ጫን ሲሉት መሄድ ነው። እኔ ግን አይቼዋለሁ። ያኔ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንታችን ውስጥ ሳለን፣ አንተ እዚሁ አዲሰን አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ትሠራ ነበር። ማሽኖቹ እንደ ዛሬ ሁልጊዜ የተገናኙ አልነበሩም። አንዷ ለጎረቤቷ በስልክ ትደውላለች፣ የያዘችውን ደብዳቤ ታስረክባለች፣ ትዘጋለች፤ ያቺ ደግሞ ለቀጣይዋ። ላኪው የሰውየውን ስም ብቻ ጽፎ አይገላገልም፣ መንገዱን ራሱ መጻፍ ነበረበት፤ ከዚህች ማሽን ወደዚያች፣ ከዚያች ወደ ወዲያኛዋ፣ በየመሃሉ ቃለ አጋኖ እየጣለ፣ እስከ ደጃፍ ድረስ። ከመሃል አንዷ ከተበላሸች ወይም ስልኳን ካላነሳች፣ ደብዳቤው ተመልሶ አንተ እጅ ላይ ይወድቃል። ከፍተህ ታየዋለህ፣ ካርታህን ታያለህ፣ ዞሮ የሚያደርስ ሌላ መንገድ በእጅህ ትጽፍለታለህ።

አሜሪካኖቹ ሲጨነቁበት አንተ ቶሎ ነበር የገባህ። እኛ ሰፈር ቤት የሚጠቆመው እንዲሁ አይደል እንዴ ትለኝ ነበር፤ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ በል፣ ሱቁ ጋ ስትደርስ የእነ እንትናን ቤት ጠይቅ፣ ከዚያ እነሱ ያሳዩሃል። አድራሻ ማለት ሰው የት እንዳለ ሳይሆን በማን በማን በኩል እንደሚደረስበት ነው ስትለኝ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማሃለሁ። በኋላማ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ማሽን ገባና፣ በእንግሊዝ አገር በኩል ዞሮ የስልክ መስመር በተገኘ ቁጥር ደብዳቤ መድረስ ጀመረ። የዳላስ አበሻ ሁሉ በአንተ በኩል ላከ። አንዳንዱ ቤት ድረስ ደውሎ በቃሉ ያስጽፈኛል፣ እኔ በእጄ ጽፌ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ታስገባዋለህ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ደረሰ የሚል መልስ እስኪመጣ ምግብ አይበላልህም ነበር። የሰው ደብዳቤ እንጂ የራስህ እኮ አይደለም እያልኩ እስቅብህ ነበር። ይኸው ዛሬ እኔ ምሳዬን አልበላሁም።

የዴንተኑን ተማሪ ታስታውሳለህ። ከአዲስ አበባ የመጣለት ደብዳቤ መንገድ ተሰብሮበት እጅህ ገባ፣ ስታየው የአባቱን ማረፍ የሚናገር ነው። ሥራህ አዲስ መንገድ ጽፈህ መልቀቅ ነበር። አልለቀቅከውም። መርዶ በሽቦ አይሄድም ብለህ ለጋሽ ተፈራና ለልጁ ጓደኞች ደወልክ፣ በማግስቱ ማለዳ ተሰብስባችሁ ዴንተን ሄዳችሁ ነገራችሁት። አለቃህ በኋላ ያ ደብዳቤ ለምን ተይዞ ቀረ ብሎ ሲጠይቅህ፣ የእኛን ወግ በእንግሊዝኛ ልታስረዳው ስትፍጨረጨር ላብ በላብ ሆነህ ነበር የመጣኸው። ልትባረር ነው ብዬ ሰነበትኩ። አላባረረህም፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ ብሎ ብቻ አለፈህ። አንተ ግን ለምዶህ ነበር።

እናልህ፣ እኔም እንዳንተ ለማድረግ ሞከርኩ። ቤተል፣ ኢሜል ከሄደ ሄደ ነው ማሚ፣ ማስመለስ አይቻልም አለችኝ። ደብዳቤውን ማስመለስ ባይቻል ሰዎቹን መከተል አያቅትም ብዬ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ዝርዝሩ ላይ ላሉት እየደወልኩ፣ ለማን ላክሽ፣ ለማን ላክህ ስል ዋልኩ። አብዛኛው ለማንም አልላኩም አለኝ። ፕሌኖ ያለችው ነርሷ አልማዝ ግን፣ ዋሽንግተን ላለው ወንድሜ ፎርዋርድ አድርጌለታለሁ፣ ሙሉጌታን ያውቀው ነበር አለችኝ፤ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው የነገረችኝ። ወንድሟ ጋ ደወልኩ። እሱ ደግሞ ለሚስቱ እህት አሳልፎታል። እሷ አዲስ አበባ ናት፣ ሙልዬ፣ እማማ ሰፈር ናት። የሰፈሯ ልጅ ስለሆነ ትስማ ብዬ ነው አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ኢሜሏን መቼ ታያለች ስለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው ኢንተርኔት ቤት የምትሄደው አለኝ። ስልኳን ደጋግሞ ሞከረ፣ አይገባም። ስታነበው የምታደርገው ይታየኝ ነበር። ክፋት አይደለም እኮ የምትሠራው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች፣ ሰው ሁሉ የሰማ መስሏት እማማ ቤት ትገባለች። እማማ ደግሞ ብቻቸውን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይሆናል። የሚይዛቸው ሰው የለ፣ ውኃ የሚሰጣቸው የለ። ሰብለን ልኬ ያቺን ሴት ላስቁማት ብዬ ነበር፤ ግን እኔ ያገኘሁት አንዱን መንገድ ነው። ሌላ ስንት መንገድ ተከፍቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ያንተ ካርታ ላይ ቢያንስ መስመሮቹ ይታያሉ።

ስለዚህ ከእሷ በፊት ይነገራቸው አልኩ። ከዚያ መንገዱን ማሰብ ጀመርኩ፣ አንተ ታስብ እንደነበረው ከመጨረሻዋ ጀምሬ። የመጨረሻዋ ማሽን የደብዳቤውን ባለቤት የምታውቅ መሆን አለባት ትል ነበር። ሰብለ እኔ ልንገራቸው አለች፤ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁና እምቢ አልኳት። እትዬ ዘውዴን አሰብኩ፤ የእማማን የማኅበር ጓደኛ፣ ልጅ ቀብረው የሚያውቁ፣ እማማ ተቆጥተው እንኳ የሚሰሟቸው። ከእሳቸው በፊት የንስሐ አባታቸው፣ ቃሉን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ከእኔ ወደ ሰብለ፣ ከሰብለ ወደ አባ፣ ከአባ ወደ እትዬ ዘውዴ፣ ከእትዬ ዘውዴ ወደ እማማ። ኪዳን ሊያደርሱ ሳይወጡ፣ ሌሊቱን ተኝተው ካደሩ በኋላ። ለሰብለ ይህን ስነግራት የስልክ ካርዱ መሃል ላይ አልቆ ተቋረጠ። ሌላ ካርድ ፍቄ ስደውል መስመሩ ተይዟል ይለኛል፣ ደግሜ ስደውል የማላውቀው ሰው ያነሳል። እኔም በተራዬ ላብ በላብ ሆንኩልህ። በመጨረሻ ገባና፣ ሰብለ በሰማችው ብቻ ሄዳ ኖሮ፣ አባን አግኝቻቸዋለሁ፣ እትዬ ዘውዴም እሺ ብለዋል አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የማደርገው የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው።

ልባቸው ባይችልስ ሙልዬ? በአንተ ቦታ ሆኜ ስዋሻቸው ከርሜ፣ መጨረሻ ላይ እኔው ብገድላቸውስ? ቤተል እራት ሠርታ እየጠራችኝ ነው። እዚያ አሁን ሊነጋ ነው። ልተወው።

ቅዳሜ

ጨርሼ ልጻፍልህ። እራት ላይ አልጎረስኩም፤ ቤተል ሳህኑን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እኔ ስልኩን ሳይ ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲጮህ እሷ ናት ያነሳችው። ሰብለ ነበረች። ከኋላዋ ለቅሶ ይሰማል። መጀመሪያ ያለችኝ ደህና ናቸው የሚለውን ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ ነው ያመጣችው።

በሩ ሲንኳኳ እማማ ነጠላቸውን ለብሰው ለመውጣት ተነስተው ነበር። አባን አዩ፣ እትዬ ዘውዴን አዩ፣ ሰብለን አዩ፣ ገባቸው። ማነው ብለው ጠየቁ። አባ ስምህን ጠሩ። እትዬ ዘውዴ ቀደም ብለው አጠገባቸው ደርሰው ስለነበር፣ ሲወድቁ በእሳቸው ላይ ነው የወደቁት። ብዙ አለቀሱ። በልጅነት ስምህ እየጠሩህ አለቀሱ። ልባቸው ግን ቻለው። ረፋዱ ላይ ያቺ የሰፈር ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ስትገባ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ተደርድሮ ነበር። ገብታ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠች። ኢሜሉ ደረሰ ማለት ነው፣ ግን ከሰዎቹ በኋላ ደረሰ።

ይህን ሰምቼ ተመስገን ብዬ ልዘጋ ስል፣ ሰብለ ቆይ፣ እማማ የላኩልሽ መልእክት አለ አለችኝ። ሰው ትንሽ ቀለል ሲል እማማ ቀና ብለው፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ይጽፍልኝ የነበረው ማነው ብለዋል። እትዬ ዘውዴ ናቸው ደፍረው የነገሯቸው፤ ምራትሽ ናት ብለው። እኔ እርግማን ጠበቅኩ። እማማ ግን፣ እንዲያ ነው፣ ሎሚዋን የምትጠይቀኝ እሷ ኖራለች አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ የእኔን ልጅ ብቻዋን አልቅሳ፣ ለእኔ ስትስቅልኝ ከረመች፤ አታቋርጥ በሏት፣ በራሷ ስም ትጻፍልኝ ብለዋል።

ሙልዬ፣ አንተ ከሄድክ ጀምሮ እንደ ትናንቱ አልቅሼ አላውቅም። ቤተልም አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች፣ ሳህኑ ሳይታጠብ አደረ።

የሙት ዓመትህን እናደርጋለን፣ ጋሽ ተፈራ ደግሰዋል። አሁን እማማም ቀኑን ያውቁታል፣ በዚያው ቀን እዚያም ይጸለያል። አልረሳህም ልልህ አልፈልግም፣ እሱን ማንም ይላል። የማደርገውን ልንገርህ። ካርታህን ወደ ጋራዥ አልመልሰውም፣ እዚሁ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። ቤተልን ቁጭ አድርጌ አንድ በአንድ አሳያታለሁ፤ ይህቺ ማን ነበረች፣ ያቺ በማን በኩል ትሄድ ነበር እያልኩ፣ እሷም ነገ ለልጆቿ እንድታሳይ። እሁድ እሁድም ለእማማ እጽፋለሁ። አንቺ እያልኩ ያጠፋሁትን እርስዎ እያልኩ እክሳለሁ። ሳትኖር እንደኖርክ አድርጌ ሳይሆን እንደነበርክ አድርጌ እጽፍላቸዋለሁ፤ ስላላዩት ዕድሜህ፣ ስለ ኩሽናው ግድግዳ፣ ስለ ዴንተኑ ማለዳ፣ ደረሰ እስኪባል እህል ስለማይበላልህ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ሎሚዋ ዘንድሮ አፍርታ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ።

ያንተው አስቴር